ቀዝቃዛ ምድጃ፣ ትኩስ ገመድ

ያ ምድጃ አንድ የሰው በር፣ ሃያ ሜትር ወፍራም ገመድና ራሱን ምድጃውን አስከፈለኝ።

ከአዲስ አበባ ስድስት ጭኜ፣ በጣርማ በር ዋሻ አሳልፌ ሸዋ ሮቢት አወረድኳቸው። ኢንዳክሽን ይሏቸዋል። እሳት የላቸውም፤ ከመስታወቱ ሥር ያለው የመዳብ ጥቅልል መብራቱን ወደ ማግኔት ኃይል ይለውጥና የድስቱን ቂጥ ራሱን ያግለዋል። ሱቄ በር ላይ ከድስቱ ሥር አሥር ብር እዘረጋለሁ፤ ውኃው ይንተከተካል፣ ብሩ አይቃጠልም። በእኛ ቆላ ቤት የማያሞቅ ምድጃ ሌላ ማስታወቂያ አይፈልግም።

መንገድ ዳር ምሳ የሚሸጡት እትዬ ቀድመው መጡ።

«የኔ ድስት ይሠራል?»

ከተበላሸ ስፒከር ያወጣሁትን ማግኔት አስጠጋሁ፤ ጥብቅ አለ።

«ይሠራል። መብራትስ አለዎት?»

«አምፖሌ ሲበራ አታይም እንዴ?»

ድስቱን የመረመርኩት ሰውዬ ገመዱን ሳላይ ሸጥኩላቸው።

በገበያ ቀን እዚያው ምሳ ልበላ ተቀምጬ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ምድጃው ሁለት ሺህ ዋት ይስባል። የእትዬ መስመር ደግሞ ከጎረቤታቸው ከልብስ ሰፊው ቆጣሪ ለአንድ አምፖል የተሳበ ቀጭን ገመድ ነው፤ ከማዳበሪያ ኮርኒሱ በላይ ያልፋል።

«እትዬ፣ ያጥፉት!»

«ወጡ ሊደርስ ነው! መስታወቱም ቀዝቃዛ ነው።»

«መስታወቱን ይተዉት፣ ጣሪያውን ይዩ!»

ኮርኒሱ መሃሉ ጠቁሯል። ምድጃውን አጠፋሁ፤ ጢሱ ባሰበት። የገመዱ ላስቲክ ቀልጦ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተው ይንጣጣሉ። ልብስ ሰፊው በፊውዙ ቦታ የመዳብ ሽቦ ስለጠመጠሙበት መስመሩን የሚቆርጥ ነገር የለም። ማጥፊያው ቤታቸው ውስጥ ነው፣ በሩ ተቆልፏል፣ እሳቸው ደብረ ሲና ወጥተዋል። እትዬ ሌላ ቤት የላቸውም።

የሰው በር መስበር እንደሚያሳስር አውቃለሁ። ለእኛ ከተማ ሰው ደግሞ ማረሚያ ቤት ሩቅ አይደለም።

በእግሬ ሦስቴ መታሁት። በሦስተኛው ከነማጠፊያው ገባ። ማጥፊያውን በደረቅ እንጨት አወረድኩት።

እትዬ ባልዲ ይዘው ይጮሃሉ፤ «ልድፋው?»

«አሁን ይድፉት!»

ደፉት። እሳቱም ጠፋ፣ ምድጃውም ጠጣ።

ልብስ ሰፊው ተመልሰው በራቸውን አዩ። «ለአንድ ድስት ወጥ ቤቴን ትሰብራለህ?»

«ጋሼ፣ እርስዎ ፊውዝ ቢገዙ ኖሮ እኔ በር አልገዛም ነበር።»

በሩን አሠራሁ፤ ከፊውዝ ጋር ወፍራም ገመድ እስከ እትዬ ማጀት ዘረጋሁ።

ስድስት አመጣሁ። አምስት ሸጥኩ፣ የእትዬ በውኃ ሞተ፣ ስድስተኛውን ተካሁላቸው። ትርፍ የለም። ቤቱ አለ።