የእትዬ ታሲያ ቤትና ንፋስ

እትዬ ታሲያ ከንፋስ ጋር የተጣሉ ሴት ናቸው። ጠቡ የዛሬ አይደለም፤ ገና ክር ፋብሪካ ሲሠሩ ባልደረቦቻቸው በበጋ ሐሩር መስኮት ሲከፍቱ፣ እሳቸው ተነስተው ይዘጉ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ደግሞ "ሁለት መስኮት አንድ ላይ ተከፍቶ ሰው ይተርፋል?" እያሉ ሾፌሩን መግቢያ መውጫ ያሳጡታል። እንዳትስቁባቸው። በከተማቸው በቡርላድ እንዲህ የማያስብ ሰው የለም፤ የጥርስ ሕመሙም፣ የአንገት መቀሰሩም፣ መካንነቱም ሳይቀር የሚላከከው በንፋስ ነው።

ቤቱን የሚያሞቀው የጋዝ ማሞቂያ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ሲሰቀል፣ አጠገቡ ለአየር መግቢያ አንድ ቀዳዳ ተበሳ። በሚኖሩበት ሕንፃ ያለው ልማድ የታወቀ ነው፤ ሁሉም ቀዳዳውን በጨርቅ ይወትፋል፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ጨርቁ ይነቀላል፣ ሰውየው ደረጃውን ሲወርድ ተመልሶ ይወተፋል። እትዬ ታሲያ ግን ጨርቅ አላረካቸውም። አሮጌ የሱፍ ሹራብ ጠቅጥቀው በላዩ ሰፊ ፕላስተር ለጠፉበት።

ብርዱ ሲገባ የባለቤታቸው የጋሽ ኔኩላይ ራስ ምታት ጀመረ።

"ብርድ ነው የመታህ" አሉና እትዬ ታሲያ የመስኮቱን ስንጥቅ ደፈኑ። ባሰባቸው። የሱፍ ቆብ አጠለቁላቸው፣ የበሩን ሥር በብርድ ልብስ ዘጉ። አሁንም ባሰባቸው። እትዬ ታሲያ ገበያና ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ፣ ባልየው ወጥ ቤቱ አጠገብ ካለችው ክፍል ተኝተው ይውላሉ።

በዚህ መሐል ማሞቂያው ማስቸገር ጀመረ። ጥቂት ይሠራና ቀይ መብራት አብርቶ ይጠፋል፤ ሙቅ ውሃ እየዞረባቸው ክፍሎቹን የሚያሞቁት የብረት ራዲያተሮች ለብ እንዳሉ ይቀራሉ። እትዬ ታሲያ ከጎረቤት የሰሙትን ሁሉ ሞከሩ። በትንሽ ቁልፍ ከራዲያተሮቹ የታመቀውን አየር አስተነፈሱ፤ ፉጨቱ አልቆ ውሃ ጠብ ሲል ዘጉ። የግፊት መለኪያው ዝቅ ሲል ውሃ ጨመሩ። ቀዩ መብራት ተመልሶ መጣ። ማስነሻውን ተጫኑት፤ ነደደ፣ ደግሞ ጠፋ። ደግሞ ተጫኑት።

"ግትር ነህ? እኔ ከአንተ እብሳለሁ!" አሉት።

በመጨረሻ የማሞቂያ ጠጋኙ ሊቪዩ ተጠራ። ራዲያተሮቹን ዳሰሰ፣ ግፊቱን አየ፣ ሁሉም ደህና ነው። ከዚያ ማሞቂያውን አስነስቶ ክብሪት ጫረና ከጭስ ማውጫው ሥር አስጠጋው። ነበልባሉ ወደ ላይ መሳብ ነበረበት፤ ዞሮ ወደ ሊቪዩ ፊት ተጋደመ። ሰውየው ማሞቂያውን ወዲያው አጠፋው።

"እትዬ፣ አየር የሚገባው በየት ነው?"

"የምን አየር? እኔ ቤት አየር አይገባም!" አሉ ኮራ ብለው።

ሊቪዩ ፕላስተሩን ገነጠለ፣ ሹራቡን መዥርጦ አወጣ። "ጭሱ እኮ ወደ እናንተ ነው የሚመለሰው! መርዙ ሽታ የለው፣ አይታይ! ይሄ ማሞቂያ ተበላሽቶ መሰለዎት የሚጠፋው? እንዳይገድላችሁ ነው! ጋሽ ኔኩላይ የት አሉ?"

"ተኝቷል። ዛሬ እንኳን ተመስገን ተሽሎታል፣ ከጠዋት ጀምሮ ራሴን አላለም።"

ሊቪዩ ወደ ክፍሉ ሮጠ። ጋሽ ኔኩላይ ቢጠሩ አይሰሙ፣ ቢነቀነቁ አይነቁ። ፊታቸው ቀላ ብሎ ጤነኛ ይመስላል፤ ይህ የመርዙ ምልክት መሆኑ ነው ይበልጥ የሚያስደነግጠው። እየጎተቱ በረንዳ አወጧቸው።  ሊቪዩ ስልኩን አውጥቶ አምቡላንስ ጠራ፤ እስኪደርስም ወደ እናቱ ደወለ። "እማዬ፣ ከወጥ ቤቱ ቀዳዳ ያንን ትራስ አውጪው። አሁን! አትከራከሪኝ!"

ጋሽ ኔኩላይ ከሞት አፋፍ ተመለሱ። ሆስፒታል በኦክስጅን ሰንብተው ዓይናቸውን ሲገልጡ፣ ሚስታቸው አልጋው ሥር ተንበርክከው ያለቅሳሉ።

"እኔ ነኝ፤ በገዛ እጄ ነው ልገድልህ የነበረው። ራሴን ባልከኝ ቁጥር እዘጋብህ ነበር።"

"አውቃለሁ" አሉ ጋሽ ኔኩላይ ድምፃቸው እየተቆራረጠ። "በረንዳ ስወጣ ቀለል ይለኝ ነበር።"

እትዬ ታሲያ እንባቸው ቀጥ አለ። "ምን? ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"እንደዚያ ስትለፊልኝ… ቅር እንዳይልሽ ብዬ ነዋ።"

 

"አንተ ሰው" አሉ እትዬ ታሲያ፣ የባላቸውን እጅ ጭምቅ አድርገው ይዘው፤ "በይሉኝታ ልትሞትብኝ?"