ከፍ ያለው መሪ

ዳቦ አመላላሹን የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ጎንበስ» ነበር የሚለው። ሞተሩ ላይ ሲቀመጥ አገጩ መሪውን ሊነካ ምንም አይቀረውም ነበርና ስሙን ያወጡለት ልጆች ናቸው። ሞተር ሳይክሉ የዳቦ ቤቱ ነው። መሪው ዝቅ ያለ፣ ወደ ፊትም ራቅ ያለ፣ ለሚከንፍ ጎረምሳ የተሠራ እንጂ ከኋላው የዳቦ ሣጥን ጭኖ ከሱቅ ሱቅ ለሚዞር ትልቅ ሰው የሚሆን አልነበረም። እሱ ግን ጉልበቱን እላዩ ላይ ጨረሰ።

መጀመሪያ ወገቡን አመመው፤ ቻለው። በኋላ ቀኝ ትከሻው ያዘው። ጠዋት ሸሚዝ ሲለብስ እጅጌውን የምታስገባለት ሚስቱ ናት። ማታ ከሞተር ሲወርድ ጣቶቹ ደንዝዘው የበሩን ቁልፍ ማዞር ያቅተዋል።

«ለእትዬ ንገራቸው» ትለዋለች። እትዬ የዳቦ ቤቱ ባለቤት ናቸው።

«ልንገራቸውና ‘በል እረፍ’ ይበሉኝ? አርፌስ ምን እንበላለን?»

እውነቱን ነው። ከሱ በፊት የነበረውን አመላላሽ «ወገቤን» ሲል ሰምተው በማግስቱ ሌላ ሰው ቀጥረውበታል። ስለዚህ እትዬ በሚያዩት ጊዜ ሣጥኑን በግራ እጁ እያነሳ ትከሻውን ይደብቅ ነበር።

መላው የመጣው ከሚስቱ ወንድም ነው። በያጅ ነው፤ በርና መስኮት ይሠራል። የሚሠራባት ክፍል በሁለት ግንብ መካከል የተሸጎጠች፣ ሰው ሲገባባት ብርሃን የሚወጣባት ጠባብ ቤት ናት።

«አማቼ፣ ሁልጊዜ አንተ ወደ መሪው ከምትሄድ፣ አንዴ መሪው ወደ አንተ ቢመጣ ምናለበት?»

«ሞተሩ የሰው ነው።»

«ትከሻውስ የማን ነው?»

ዳቦ ቤቱ በተዘጋበት ቀን ሞተሩን አስገቡት። በያጁ የራሱ አሠራር አለው። በር ሲሠራ እንኳ ሜትር ከማውጣቱ በፊት ባለቤቱን ደፉ ላይ አቁሞ ያያል። አማቹንም ሞተሩ ላይ አስቀመጠና «ዓይንህን ጨፍን። ወገብህን አቅና። አሁን ሳህን ሲያቀብሉህ እንደምትቀበል እጅህን ዘርጋ» አለው። እጆቹ አየር ላይ ባረፉበት ቦታ ሲባጎ ወጥሮ ለካ።

«መሪህ እዚህ ጋ ነበር መሆን የነበረበት። አይ አንተ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ተዘቅዝቀህ ኖርክ!»

ቱቦ ቆረጠ፣ አጎበጠ፣ በየደ፣ ቀለም ቀባ። የነዳጅ መስጫው ገመድ ለአዲሱ ከፍታ ሲያጥርበት፣ ማሰሪያዎቹን ፈትቶ እየሳበ አደረሰው። ሞተሩን አስነስተው ሞከሩት፤ ደህና ነው። ብቻ በዚያች ክፍል ውስጥ ጎማውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም ማዞር አይቻልም። ቀጥ እንዳለ ሞክረው፣ ቀጥ እንዳለ ወደ ኋላ ገፍተው አወጡት።

በማግስቱ ቀና ብሎ ወጣ። ዱሮ አስፋልትና የመኪና ጭስ ብቻ ያይ የነበረው ሰው፣ የሰው ፊት፣ የሱቅ ሰሌዳ፣ ፎቅ ላይ የተሰጣ ልብስ አየ።

«ጎንበስ፣ ማን ሾመህ ዛሬ?» አለችው አንዷ ባለሱቅ።

«ራሴን ሾምኩ!»

እትዬም ትክ ብለው አዩት። «ይሄ መሪ ድሮም እንዲህ ነበር?»

«ያው ነው እትዬ፤ እኔ ነኝ ቀና ያልኩት።»

ሌሊት ማቃሰቱ ስለቀረ ሚስቱ ደንግጣ ነቃችና ትንፋሹን አዳመጠች።

አንድ ነገር ግን ነበር። ወደ ግራ አጥብቆ ሲታጠፍ ሞተሩ በራሱ ይጮሃል። መጀመሪያ «እጄ ነው ሳላውቀው ነዳጅ የሚሰጠው» አለ። ደጋግሞ ሲሆን ያጠረው ገመድ እየተሳበ መሆኑ ገባው። ለበያጁ ቢነግረው ረጅም ገመድ እስኪገኝ አሮጌውን መሪ ሊመልስበት ነው። ስለዚህ በየጠዋቱ «የዛሬን ልሥራ» ይላል። ሲታጠፍ፣ ሞተሩ ጎማውን እንዳይገፋው ፍሪሲዮኑን ጨብጦ ማለፍን ለመደ።

አንድ ዝናባማ ቀን ወደ ዳቦ ቤቱ ጓሮ ሊገባ መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘ። እርጥብ ጣቶቹ ከፍሪሲዮኑ ላይ አዳለጡት። ሞተሩ ጮኸና ከጓሮው ግንብ ጋር አላተመው። ዳቦው ጭቃው ላይ ተበተነ፤ ግራ እግሩ በግንቡና በሞተሩ መካከል ተቀረቀረ።

ሐኪሙ ጉልበቱ ከእንግዲህ እንደማይታጠፍ ነገራቸው። እትዬ ሊጠይቁት ሆስፒታል ሲመጡ ሚስቱ ከራስጌው፣ በያጁ ከግርጌው ቆመው ነበር። እትዬ በያጁን አያውቁትም።

«መሪውን ማን ነው የነካካው?» አሉ እትዬ። «መካኒኩ አይቶታል፤ ገመዱ አጥሮ ነው ብሏል። ሰውዬውን ንገረኝ፣ እሱ በሕግ ይጠየቅ። አንተ ባንኮኒ ላይ ተቀምጠህ ትሸጣለህ፤ እግር አያስፈልገውም። ሳትነግረኝ አንተው አድርገኸው ከሆነ ግን፣ ከእኔ ምንም እንዳትጠብቅ።»

በያጁ አፉን ከፈተ። ዳቦ አመላላሹ ቀደመው።

«እኔው ነኝ እትዬ።»

እትዬ ቦርሳቸውን አነሱና «እግዜር ይማርህ» ብለው ወጡ።

ሚስቱ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀች። «ለወንድሜ ብለህ ከሆነ፣ ባንኮኒው ይሻለን ነበር።»

«ለሱ ብዬ አይደለም። ሞተሩ ሲጮህ እየሰማሁት ነው የከረምኩት።»

«እየሰማህ? ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ተመችቶኝ ነበር» አላት።

በያጁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሚስቱ ወንድሟን አየች፣ ባሏን አየች። ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ከነገ ጀምሮ ራሷ ወጥታ ሥራ የምትጠይቅበትን ደጅ ማሰብ ጀመረች።