ጠርጌ የጣልኩት ሰልፍ

ንፋስ መውጫ መናኸሪያ በተራ አስከባሪነት ተቀጥሬ በመጀመሪያው ቀን የሠራሁት ሥራ ሰልፉን ጠራርጎ መጣል ነበር። ባለማወቅ ነው፤ ግን ጣልኩት!

ያኔ መናኸሪያው አጥር የሌለው ሜዳ ነበር። ትኬት የሚቆረጠው በአንዲት ቆርቆሮ ቤት መስኮት ነው። የስምሪት ኃላፊው አቶ ደምሴ ፊሽካና መጥረጊያ ሰጡኝና «ግቢውን አጽዳ፤ የባሕር ዳሩ አውቶብስ ሲመጣ ሰዉን በተራው አሳፍር» አሉኝ። በቀን የነበረን አውቶብስ እሱ ብቻ ነው።

ከመስኮቱ ፊት ድንጋይ ተደርድሯል። ሰዉ ብርዱን ሸሽቶ ግድግዳው ጥግ ተጠልሏል። እኔ የደብረ ታቦር ልጅ ምን አውቃለሁ? ድንጋዩን አንድ በአንድ ለቅሜ ከሜዳው ዳር ያለው ቦይ ውስጥ ወረወርኩት። ግቢው ጸዳ! ደረቴን ነፋሁ።

«ኧረ ተራዬን!» ብሎ አንዱ ጮኸ። ግቢው ተናወጠ። ለካ ማልዶ የመጣ ሁሉ ተራ መያዣ ድንጋዩን አስቀምጦ ነው የሚጠለለው! ወደ ቦዩ ሮጥኩ፤ ድንጋይ ከድንጋይ በምን ይለያል?

ከስማዳ የመጡ እማማ ጥሩ የሚባሉ አሮጊት ክንዴን ያዙኝ። የሁለት ዓይናቸው ሞራ ነገ ጠዋት ባሕር ዳር ሊነሣላቸው ቀጠሮ አላቸው። «ልጄ፣ በዳበሳ ነው ያስቀመጥኩት። ከማን ኋላ እንደሆንኩ አላየሁም» አሉኝ። አፈርኩ፤ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

እዚያው አካባቢ ካለው ከቤተ ልሔም ደብር የመጡ አንድ መሪጌታ መቋሚያቸውን አነሡ። «ዝም በሉ! ማንም ስለ ራሱ አይናገር። ከፊቱ የነበረውን ብቻ ይጥራ» አሉ።

ጉድ ነው፣ ሠራ! አንዱ ሌላውን እየጠራ ሰልፉ ተመልሶ ቆመ። እማማ ጥሩን ግን የጠራ የለም። አውቶብሱ ደረሰ፤ ማሳፈር ጀመርኩ፤ አንድ ወንበር ቀረ።

ባለ ተራው ለሥራ ፈተና የሚሄድ መምህር ነበር። አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አድርጎ ቆመ። ዞሮ እማማ ጥሩን አየ።

«ቅድም ስንጠራራ ዘልያቸው ነው» አለ። «ከፊቴ የነበሩት እሳቸው ናቸው።» ወረደ።

በእልልታና በጭብጨባ አሳፈርናቸው! ፊሽካዬን የነፋሁት እንባዬ እየመጣ ነው። መምህሩ በማግስቱ ሄደ፤ ፈተናው ግን አልፎት ነበር።

በሳምንቱ እማማ ጥሩ ከአውቶብሱ ወርደው ማንም ሳይመራቸው፣ ፊሽካዬን አይተው ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ። «ድንጋዬን የጣልክ አንተ ነህ? ልጅ እግር ነህ ለካ!» አሉኝ። ከዚያም ያን መምህር አሳየኝ አሉ። ትምህርት ቤቱ ድረስ ይዣቸው ሄድኩ።

ዛሬ መናኸሪያው አጥር፣ መጠለያና ድምፅ ማጉያ አለው፤ ተራው በትኬት ቁጥር ነው። እኔም ጡረታ ወጥቻለሁ። አዲስ ተቀጣሪ ሲመጣ የምነግረው አንድ ነገር ነው፦ ከመጥረግህ በፊት የማን እንደሆነ ጠይቅ።