ከወንዝ ማዶ የቀረው የክርስትና አባት

በደርግ ጊዜ ነው፣ ሐምሌ ላይ። ልጄ አርባ ቀኑ ሞልቶ ክርስትና ሊነሣ ሲል፣ የክርስትና አባቱ ወዳጄ ዘለቀ በስማዳ በኩል ከወንዙ ማዶ ቀረ። ውሃው ሞልቶ ሰው የሚያሻግሩት ዋናተኞች እንኳ እምቢ አሉ።

ከወንዙ ዳር የውሃ ልክ የሚለካ ጺማም ጀርመን ሰፍሯል። ጠባብ ጀልባ ነበረው። ከውሃው በላይ እንጨቶች ጥንድ ጥንድ እያንጠለጠለ፣ ሳይነካቸው በመካከላቸው በጀልባው ሲሽሎከሎክ ይውላል። እኛማ አብዷል ብለን ነበር። አስተርጓሚው ግን፣ «ባገሩ በዚህ ተወዳድሮ የተሸለመ ነው፤ ትከሻው ተሰብሮ ነው የተወው» አለኝ።

«እንግዲያ ዘለቀን ያምጣልኝ» አልሁ።

ጀርመኑ ሳቀና ተሻገረ። ዘለቀ ጀልባዋን ሲያይ ከማዶ ጮኸ፦ «ይሄ እኮ የከብት ገንዳ ነው! ለክርስትና ብለህ ለተዝካሬ ጠራኸኝ?»

«ልጄ ሳይጠመቅ መዋሉ ነው፤ ተሳፈር!» አልሁት።

ዘለቀ ከኋላ ተለጥፎ የፈረንጁን ወገብ አቀፈ። በድንጋዮቹ መካከል እንደ እባብ እየተጠማዘዙ ደረሱ። ዘለቀ ወርዶ መሬት ሳመ። ፈረንጁ ደስ ብሎት ወደ ውሃው ተመለሰና ከነጀልባው ተገልብጦ በጭንቅላቱ ተደፋ። ሴቶቹ «ወየው!» ሲሉ ከነጀልባው ተቃንቶ ብቅ አለ። ደግሞ ተደፋ፤ ወጣ። አሁንም ተደፋ፤ እየሳቀ ወጣ።

ልጁን ሊያጠምቁ ቤተ ክርስቲያን ሲጠብቁን ሰልችቷቸው ወደ ወንዙ የወረዱት መምሬ አየለ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። «ሦስቴ ጠልቆ ወጣ» አሉ። «ለዚህኛውስ የክርስትና አባት ማን ሊሆነው ነው?»

ዘለቀ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ እጁን አነሣ።

«እኔው አነሣዋለሁ አባ! ብቻ ወደ ማዶ ሲመልሰኝ አባቱ መሆኔን አይርሳ።»