የአልዩ አምባን ዳገት የወጣው መኪና

በጎማ የምትሄድ ቤት ገዝቼ፣ ከአልዩ አምባ አንኮበር አውጥቼ ለእንግዳ ላከራያት አሰብኩ። የቸገረኝ የሚጎትታት ትልቅ መኪና መምረጥ ነበር። ደላላው ጌጡ አንድ የሚያብረቀርቅ የመስክ መኪና አመጣልኝ። እትዬ ዘነቡ የሚባሉ ሴትም የራሳቸውን አሮጌ መኪና ሊሸጡልኝ ከደብረ ብርሃን እየነዱ ደረሱ።

"ይሄማ ራሱን ከቻለም ጎበዝ ነው" ብዬ ሳቅሁ።

"ግድ የለም፣ ከኋላ እከተላችኋለሁ" አሉኝ።

ቤቲቱን ከአዲሱ መኪና ጋር አስረን፣ እኔ መሪ ጨብጬ፣ ጌጡ ከጎኔ ሆኖ ዳገቱን ጀመርን። አጋማሹ ላይ መኪናው አቃሰተ፣ ተንገጫገጨ፤ ከዚያ በድንገት ሽቅብ ይንሳፈፍ ጀመር።

"ጉልበቱን አየኸው?" አለ ጌጡ።

"መሪው ግን ከበደኝ።"

"የጠንካራ መኪና መሪ ይከብዳል!"

ከኋላችን የእትዬ ዘነቡ ጡሩምባ ያለማቋረጥ ይጮሃል። ቤቲቱ ስለጋረደችን አይታዩንም። መቅደም ፈልገው ነው ብዬ እጄን በመስኮት አውጥቼ "ይለፉ" የሚል ምልክት ሰጠሁ። ጡሩምባው ባሰበት።

"ቅናት ነው" አለ ጌጡ። እኔም በልቤ መኪናውን ገዝቼ ጨርሻለሁ።

አንኮበር ደርሰን ሞተሩን ላጠፋ ቁልፉን ብነካ፣ ሞተሩ ለካ ጠፍቷል። ወርጄ ወደ ኋላ ሄድኩ። የእትዬ ዘነቡ መኪና አፍንጫ ከቤቲቱ ጀርባ ጋር ተጣብቋል። እሳቸውም ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወረዱ።

"ወደ ኋላ ተንሸራትታችሁ ስትመጡብኝ ገፋኋችሁ እንጂ ምን ላድርግ!" አሉ። "ድረሱልኝ ብዬ ጡሩምባ ስነፋ ደግሞ ይለፉ ትለኛለህ። በየት በኩል ልለፍ?"