ኅዳር ሚካኤል በየሺሃረግ ቤት

በኅዳር ሚካኤል ጠዋት የብልባላ ሰው ጥራጊውን በየደጁ ያቃጥላል፤ የኅዳር በሽታ ሕዝቡን የፈጀበት መታሰቢያ ነው። የየሺሃረግ ቅድመ አያቶች ያለቁት በዚያ በሽታ ነው። አባቷንም በደርግ ጊዜ ለጦርነት አፍሰው የወሰዱት በኅዳር ሚካኤል ነበር። የበኩር ልጇም በቅርቡ ጦርነት በዚያው ዕለት ወጥቶ ቀረ።

ዘንድሮ ሽማግሌዎች የልጇን የማኅሌትን ሠርግ ለዚሁ ቀን ሊቆርጡ መጡ። የቀረቻት ልጅ እሷ ብቻ ናት።

«ሌላ ቀን አጣችሁ?» አለች የሺሃረግ።

«ከሚካኤል የተሻለ ከየት ይመጣል?» አሉ የሙሽራው አጎት ጋሽ ቢተው። «ከዚያ ወዲያ ጾም ይገባል። የእኛ ልጅ ደግሞ እስከ ጥር ቆይ ቢሉት ያብዳል!»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እሷ ግን ለመሳቅም ለመሟገትም አቅም አልነበራትም።

«ሚካኤልን አላማሁም፤ በዚያ ቀን ከዚህ ቤት ወጥቶ የተመለሰ ግን የለም። እንግዲያው የመልሱን ቀን አሁኑኑ ቁረጡልኝ።»

«ሠርጉ ሳይደገስ መልስ?»

«አዎ። እነዚያ ሲሄዱ መቼ እንደሚመለሱ የነገረኝ የለም።»

ጋሽ ቢተው በጣታቸው ቀን ቆጠሩ። «በአሥራ አራት፣ ለጾሙ ቅበላ፣ እኔው ራሴ ይዣት እመጣለሁ» አሉ።

«ይማሉልኝ።»

«በማን ልማልልሽ?»

«በሚካኤል ነዋ! በማን ሊምሉ ኖሯል?»

አዛውንቱ ቆባቸውን አውልቀው ብድግ አሉ፤ ማሉላትም።