ቀይ ቁልፍ ያለው ዴክ

መርፌ የምንላት ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ነገሯም ስለሚወጋ ነው። የደንብ ልብስ በምንሰፋበት ፋብሪካ፣ በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው የስፌት መኪና ላይ፣ አስራ ስድስት ዓመት ኮሌታ ስታያይዝ ኖራለች። እኔ አራተኛው ላይ ነኝ። የፋብሪካውን ያየሁትን፣ የቤቷን ደግሞ ከራሷ አፍ የሰማሁትን ነው የምጽፈው።

እኛ ዘንድ መኪና ሲቆም ሰው ይቆማል። መካኒኩ አንድ፣ መኪናው መቶ ሃያ። እጅሽን አጣጥፈሽ ጠብቂ ይሉሻል፤ ማታ የሰፋሽው ሲያንስ ደግሞ ሰነፍ ይሉሻል። መርፌ ግን መኪና ሲያቃስት ከድምፁ በሽታውን ታውቃለች። «ክሩ አይደለም፣ መንጠቆው ነው የዘገየው» ትላለች። መካኒኩ ግማሽ ቀን ሲፈታ ሲገጥም ይውልና በመጨረሻ መንጠቆውን ያስተካክላል። አንድ ቀን ቢቸግራት ራሷ አስተካክላ ሥራዋን ቀጠለች። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፉላት። ላበላሸ ዝም፣ ላቃና ማስጠንቀቂያ!

መካኒኩ ጡረታ ሊወጣ ሲል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ቦታው በፈተና ይሰጣል፤ ፈተናው የሚወጣው በቴሌቪዥን ከሚተላለፈው የስፌት መኪና ጥገና ትምህርት ነው፤ ትምህርቱ ማክሰኞና ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት፣ ለሦስት ወር። በዘጠኝ ሰዓት እኛ የት ነን? ወንበራችን ላይ። ያን የጻፈው ሰው ይህን አያውቅም ልትሉኝ ነው? አሳምሮ ያውቃል።

ሴቶቹ አንብበው ከንፈር መጠጡ። መርፌ ግን «የቪዲዮ ዴክ እገዛለሁ» አለች። «የሚቀዳ።»

ሱቅ የሄደችው ከባሏ ታናሽ ወንድም ጋር ነው። አንድ ጊዜ የተዘጋ ራዲዮ በጥፊ መትቶ አስጮኸ፤ ከዚያ ወዲህ በቤተሰቡ ዘንድ ስሙ «ኢንጂነሩ» ሆኖ ቀረ። ባለሱቁ መብራቱ የሚንቦገቦግ ዴክ ጠረጴዛው ላይ አሳረፈና ለኢንጂነሩ ማብራራት ጀመረ።

«ይሄን ውሰድ ጌታዬ። ፊልም እንደ ውሃ ነው የሚያጫውተው።»

«ይቀዳል?» አለች መርፌ።

ባለሱቁ መልሱን ለኢንጂነሩ ሰጠው። «ማን ይቀዳል በዚህ ዘመን? ካሴቱ በየሰፈሩ ይከራይ የለም እንዴ?»

«የጠየቅኩህ እኔ ነኝ። ወደዚህ ዙር።»

«እትዬ፣ ተይ እንጂ» አለ ኢንጂነሩ በሹክሹክታ። «ሰውየው እኮ ዕቃውን ያውቀዋል።»

«እኔ ደግሞ የምፈልገውን አውቀዋለሁ። የመቅጃው ቀይ ቁልፍ የታለ? ካልቀዳ ጌጥ ነው። ጌጥ አላጣሁም።»

ባለሱቁ ሁለተኛ አመጣ። ቀይ ቁልፍ አለው፤ ግን ሰዓቱ ሲደርስ ቁልፉን የሚጫን ሰው ይፈልጋል።

«እኔ በዘጠኝ ሰዓት ቤቴ ብውል አንተ ጋ ምን አመጣኝ?»

ሦስተኛው ከመደርደሪያው ስር ወጣ። አቧራ የጠጣ፣ እንደ ድንጋይ የከበደ። «ይሄ ሰዓት ይሞላለታል፤ ራሱ ተነስቶ ይቀዳል» አለ ባለሱቁ እየተነፈሰ። «ግን እህቴ፣ አስቀያሚ ነው።»

«ላገባው አይደለም።»

በዚህም አልለቀቀችውም። ከአምስት ደቂቃ በኋላ እንዲነሳ አስሞላችውና ባዶ ካርቶን ላይ ተቀመጠች። ደንበኛ ገባ፣ ደንበኛ ወጣ፣ እሷ ንቅንቅ የለም። ቀዩ መብራት ማንም ሳይነካው ቦግ ሲል ነው የተነሳችው።

ቤት ሲደርሱ ኢንጂነሩ እጅጌውን ሰበሰበ። «እዚህ ላይ ለቀቅ አድርጊኝ እትዬ። ይሄ የኔ ሥራ ነው።» ዘጠኝ ሰዓት ብሎ ሞላው።

ማክሰኞ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ አጫወተችው። ነጭ ነጠብጣብ እና ሽሽሽ የሚል ድምፅ፤ መጀመሪያው እሱ፣ መጨረሻው እሱ። ሐሙስም እንደዚያው።

«አላልኩም?» አለ ኢንጂነሩ። «አሮጌ ነው ብያለሁ። ቅዳሜ መልሰን ያንን የሚያምረውን እናምጣ።»

ሹፌር የሆነው ባሏ ካርቶኑን ከአልጋ ስር ጎትቶ አወጣ። «በቃሽ ሴትዮ። ሞከርሽ፣ አልሆነም። ፈተናው ላንቺ ተብሎ አልወጣም።»

ሌላ ሴት ብትሆን እዚህ ላይ ታለቅስ ነበር። መርፌ ዴኩ ፊት ቁጢጥ ብላ ዓይኗን ተከለችበት። የግድግዳው ሰዓት ከምሽቱ አንድ ይላል። «ይሄኛው ደግሞ አስራ ዘጠኝ ይላል» አለች።

«ይኸው! ጭራሽ አብዷል!» ኢንጂነሩ አጨበጨበ። «አስራ ዘጠኝ የሚባል ሰዓት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

መርፌ በጣቷ ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። እኛ ቀኑን የምንቆጥረው ከንጋት ነው፤ ዕቃው ግን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ይቆጥራል። የእሱ ዘጠኝ ለእኛ ከጠዋቱ ሦስት ነው፤ በዚያ ሰዓት ጣቢያው ገና አልተከፈተም።

«የኛ ዘጠኝ ለእሱ አስራ አምስት ነው» አለች ብድግ ብላ። «ዕቃው ምን አጠፋ? ባዶ ቅዳ አልከው፣ ባዶ ቀዳልህ። ካርቶኑን ወደ ቦታው!»

ባሏ ካርቶኑን እንደያዘ ሳቁ አመለጠው። ኢንጂነሩ ያን ቀን ራት አልበላም።

ከዚያ በኋላ አንድም ትምህርት አላመለጣትም። አስተማሪውን እያስቆመች፣ ወደኋላ እየመለሰች፣ አንዱን ነገር አስር ጊዜ ታስደግመዋለች። አይቆጣ፣ አይሰድብ፣ ዝም ብሎ ይደግማል። እንዲህ ያለ አስተማሪ በዕድሜዬ አላየሁም። ኢንጂነሩ ኳስ ሊቀዳበት ካሴቶቹን ማሽተት ሲጀምር፣ በየካሴቱ ጀርባ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ ሰብራ ጣለች። ጥርሷ ከተሰበረ ዴኩ በዚያ ካሴት ላይ አይቀዳም።

ለፈተና ሰባት ሰዎች ተቀመጡ። መርፌ አንደኛ ወጣች። በማግስቱ የሠራተኛ አስተዳደሩ ኃላፊ ጠራት፤ ለምስክርነት ብላ እኔንም ይዛኝ ገባች። ጠረጴዛው ላይ የሰዓት ካርዷ ተዘርግቷል።

«ማክሰኞም ሐሙስም በዘጠኝ ሰዓት ሥራ ላይ ነበርሽ» አላት። «ካርዱ ይናገራል። ያላየሽውን ትምህርት እንዴት ተፈተንሽ? መልሱን ማን ሰጠሽ?»

ልብ በሉ፤ ሥራዋን ሳታጎድል መገኘቷ ነው ወንጀሏ! ቀርታ ቢሆን ቀረሽ ብለው ያባርሯት ነበር። እኔ ደሜ ፈላ፤ አፌን ልከፍት ስል በክርኗ ጎሸመችኝ።

«ነገ አመጣዋለሁ» አለች።

በማግስቱ ያንን ድንጋይ ዴክ በአንሶላ ጠቅልላ፣ አዝላው መጣች። እኔ ካሴቶቹን በከረጢት ይዤ ተከተልኳት። ኃላፊው ቢሮ ጥግ ላይ ቴሌቪዥን አለ። ሳታስፈቅድ ገመዱን ሰካች፣ የመጀመሪያውን ካሴት አስገባች። ነጭ ነጠብጣብ። ሽሽሽ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የመጀመሪያዎቹ ሁለት ትምህርቶች። ያመለጡኝ እነሱ ናቸው፤ አላየሽም ላሉት ማስረጃ እንዲሆኑ ከካርዱ ጋር ያያይዙልኝ። ያልቀሩብኝ ደግሞ ሃያ ሁለት ናቸው።» ሁለተኛውን ካሴት አስገባች።

አስተማሪው መንጠቆ ይዞ ብቅ አለ። ኃላፊው ሦስተኛው ትምህርት ላይ ሰዓቱን አየ። አራተኛው ላይ «ይበቃል፣ ገብቶኛል» አለ።

«አይበቃም። እኔ ሁሉንም ነው ያየሁት።»

በሩ ላይ ሰው ተሰበሰበ፤ ከኛ መስመር የመጡ ሴቶችም ነበሩበት። አምስተኛው ሊገባደድ ሲል ኃላፊው መሳቢያውን ከፈተ፣ የሹመት ወረቀቷን አወጣ፣ ፈረመ፣ ማኅተሙን ጠረጴዛው እስኪናወጥ መታው። ወረቀቱን ገፋላት።

መርፌ አጥፋ ኪሷ ውስጥ ከተተችው። ዴኩን ግን አላጠፋችም።

«ሊያልቅ ትንሽ ነው የቀረው» አለችና ወንበሯን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጋች።